የአባቴ ቆርኪ

ልጄ ሜላት ባለፈው ሳምንት መቀስ ፍለጋ የስፌት ማሽኔን መሳቢያ ስትጎረጉር አንዲት የተጨፈለቀች ቆርኪ አገኘች። እንደ ሞተ በረሮ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ «እማ፣ ይሄ ቆሻሻ እዚህ ምን ይሠራል?» አለችኝ። ከእጇ መንጭቄ ቀማኋት። ልጅቷ ክው አለች። እኔም በራሴ ደነገጥኩ፤ ለአንዲት ቆርኪ ብላ ልጇን የምትመነጭቅ እናት ጤነኛ አይደለችም። «ይሄ ቆሻሻ» አልኳት፣ «አያትሽ ነው።»

አያትየው እዚያው በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ሁለቱንም ዓይኖቹን ካጣ ቆይቷል፤ ጆሮው ግን የጎረቤት ሹክሹክታ እንኳ አያመልጠውም። «ማናት እኔን ቆሻሻ ያለች?» ብሎ ከውጭ ጮኸ። ሜላት ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ቆርኪዋን መዳፌ ውስጥ እንደጨበጥኩ የሐዲድ ዝገትና የሞቀ ብረት ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ፤ ሽታው ከቆርኪዋ ይሁን ከእኔ ከራሴ አላውቅም።

ልጅ እያለሁ የአቃቂ ቀን የሚቆጠረው በፋብሪካ ጡሩምባ ነበር። ጡሩምባው ሲነፋ አንዱ ፈረቃ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል፣ እናቶች ወጥ ይጥዳሉ፤ እኛ ደግሞ አባቶቻችን ሰፈር ሳይደርሱ እግራችንን ለመታጠብ እንሮጣለን። የሽመና ክፍል ሠራተኞች ከሩቅ ይለያሉ። ፀጉራቸውና ቅንድባቸው ላይ የጥጥ ብናኝ ስለሚያርፍ ሁሉም ያለ ዕድሜያቸው የሸበቱ ይመስላሉ። አባቴ ወርቁም እንደዚያው ሸብቶ ይመጣና ደጃፍ ላይ ቆሞ ብናኙን ሲያራግፍ ዓይናችን እያየ ወጣት ይሆናል። ልብሱ የማሽን ዘይትና የጨርቅ ሙጫ ይሸታል። ዛሬም አዲስ አቡጀዲ ስቆርጥ ያ ሽታ ድንገት ይመጣብኛል።

ፋብሪካው አባቴን የቀጠረው ሸማኔ ስለሆነ አይደለም፤ ሽመናውን ኋላ ነው የተማረው። የቀጠረው በረኛ ስለሆነ ነው። ያኔ ፋብሪካ ሁሉ የእግር ኳስ ቡድን ነበረው። ጎበዝ ተጫዋች ከተገኘ ማሽን ላይ ይመደብና እሑድ እሑድ ይሰለፋል። ከኳሱ የወጣ ሰው ማሽኑም ላይ ብዙ አይቆይም። ይህንን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ እናቴ ደግሞ ከሁሉም በላይ ታውቃለች፤ እሑድ ጠዋት አባቴ ጫማውን አንጠልጥሎ ሲወጣ «ይቅናህ» አትለውም፣ «እንዳትሰበር» ነው የምትለው።

የእኛ ጨዋታ የተወለደው ከዚህ ነው። በእኔ ዕድሜ ቆርኪ በጣቱ እየገፋ ያልተጫወተ ልጅ የለም፤ የእኛ ግን የተለየ ነበር። ሦስት ነበርን፤ እኔ ስንታየሁ፣ ሙሌና ቢቂላ። ሙሌ ማለት ሙሉጌታ ነው፤ ቀጫጫ፣ ምላሳም፣ ክርክር ካልረታ እራቱ የማይወርድለት ልጅ። ጨዋታውን የፈጠረውም፣ ሕጉን ያወጣውም፣ ዳኛውም እሱ ነው። ቢቂላ ከሐዲዱ ማዶ ካሉት የገበሬ ቤቶች የሚመጣ፣ ኪሱ ቆሎ የማያጣ፣ ዝንብ እንኳ የማይገድል ልጅ ነበር። ያኔ ከወንድ ጋር የምትውል ሴት ልጅ ሰፈር ውስጥ ምን እንደምትባል አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ያሉኝን ይበሉኝ እንጂ እኔ ከዚያ ጨዋታ ንቅንቅ አልልም ነበር።

ሜዳችን ከሙሌ ቤት ጀርባ ብሎኬት ላይ የተጋደመ አሮጌ የቆርቆሮ በር ነው። መስመሩን በምስማር ጭረን አወጣነው። እያንዳንዳችን አንድ የፋብሪካ ቡድን ያዝን፤ እኔ የአባቴን፣ ሙሌ ታላቅ ወንድሙ ግርማ አጥቂ የሆነበትን የብረታ ብረቱን፣ ቢቂላ የዱቄቱን። እያንዳንዱ ቆርኪ አንድ እውነተኛ ሰው ነው። ሆዱ ውስጥ ስሙና ቁጥሩ ያለበት ብጫቂ ወረቀት በሻማ ሰም ተለጥፏል። ኳስ የለም፤ በኳስ ፋንታ ዳይስ አለ። ዳይሱን የሠራልን አባቴ ነበር። አንድ ቀን ከሽመና ማሽን የወጣ የተሰበረ መወርወሪያ ይዞ መጣና እንጨቱን ቆርጦ፣ በጠርሙስ ስባሪ ፍቆ፣ ነጥቦቹን በጋለ ምስማር ተኮሰልን። ጉድጓዶቹ ጥልቅ ስለነበሩ ጨለማ ውስጥ እንኳ በጣት ይቆጠራሉ።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። የሚያጠቃው «በቀኝ» ወይም «በግራ» ብሎ ይወረውራል፤ ቀኝና ግራ የሚባለው በበረኛው በኩል ነው። አምስት ወይም ስድስት ከወጣ ኳሷ ወደ ጎል ሄዳለች ማለት ነው። ከዚያ በረኛው ይወረውራል። ከቁጥሮቹ አንዱ ከወጣለት ያዛት፣ ካልወጣለት ገባችበት። ጎበዝ በረኛ በየጎኑ አራት ቁጥር አለው፣ ፈዛዛው አንድ ብቻ። ቁጥር ደግሞ ደስ ስላለን አንሰጥም። የሙሌ ሕግ ግልጽ ነው፦ ሜዳ ላይ የሆነው ቆርቆሮው ላይ ይሆናል። እሑድ እውነተኛውን ጨዋታ ሄደን እናያለን፤ ሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ ቆርቆሮውን ከበን ተቀምጠን ለእያንዳንዱ ሰው የሥራውን እንሰጠዋለን።

አቤት ጭካኔያችን! መንገድ ላይ ስናገኛቸው ጎንበስ ብለን እጅ የምንነሳቸውን አባወራዎች ቆርቆሮው ላይ ቆዳቸውን እንገፍፋቸው ነበር። ሚስቱ ጥላው የሄደች አንድ ተከላካይ ነበር፤ ሙሌ «ከሄደችበት ወዲህ እግሩን ይጎትታል» ብሎ ቁጥሩን ቆረጠበት፣ እኛም ተስማማን። ሌላውን «ቅዳሜ ጠጥቶ ነው የገባው» ብለን ተቀማጭ አደረግነው። ከሁሉ የከፋው የሐዲዱ ሕግ ነው። ከእውነተኛው ቡድን የተባረረ ሰው ቆርኪው ሐዲድ ላይ ይተኛል፤ የሚያስተኛውም ሌላ ሰው ሳይሆን የቆርኪው ባለቤት ራሱ ነው። ባቡሩ እያናፋ ሲመጣ ሣሩ ውስጥ በደረታችን ተኝተን እንጠብቃለን። ካለፈ በኋላ ሰውየው እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ፣ ሞቆ ይገኛል። እንዴት ደስ ይለን እንደነበር ብነግራችሁ ታዝኑብኛላችሁ።

የአባቴ ቆርኪ መጀመሪያ በቀኝም በግራም አራት አራት ቁጥር ነበረው። ከእሱ የሚስተካከል በረኛ ቆርቆሮው ላይ አልነበረም፣ እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የምሄደው። አንድ ክረምት አለፈና ነገሩ መበላሸት ጀመረ። እሑድ እሑድ የማይገቡ ኳሶች ይገቡበት ጀመር። አንዱ በአጠገቡ ሲንከባለል ዝም ብሎ አሳለፈው፣ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሰኞ ሲመጣ ሙሌ ወረቀቷን ከሆዱ ይፍቅና ይቀንሳል። በሁለቱም ጎን አራት ሦስት ሆነ፣ ሦስቱ ሁለት። «አባትሽ ወንፊት ሆኗል» አለኝ። ድንጋይ አነሳሁበት። እሱም ጎንበስ ብሎ አመለጠና ከአጥሩ ማዶ «ወንፊት! ወንፊት!» እያለ ሰፈሩን አሰማ።

ግን ሙሌ ተራ ተሳዳቢ አልነበረም፤ ክፋቱ እሱ ላይ ነው። ተሳድቦ አይረካም፣ ለምን እንደሆነ ማወቅ አለበት። አንድ ሰኞ ወረቀቷን ሊፍቅ ምላጩን አንስቶ ቆም አለ። «ቆዩ እስቲ» አለ፣ «በቀኝ በኩል የገባበት አለ?» እኔና ቢቂላ ተያየን። አሰብን። የሚገቡበት በሙሉ በግራ ነው። በቀኝ በኩል አባቴ ድሮ እንደነበረው ነው። ሙሌ ምላጩን አስቀመጠና ዓይኑ አበራ፤ እንደዚያ ሲያበራ አልወድለትም ነበር።

በማግሥቱ ጡሩምባ ሲነፋ ከፋብሪካው በሚመጣው መንገድ ዳር፣ ለሚመጣው ሰው በግራው በኩል ቆምን። አባቴ ከጓደኞቹ ተለይቶ ብቻውን እየመጣ ነበር። ሙሌ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎኑ ጠጋ አለና ምላሱን አወጣበት። ዝም ብሎ አይደለም፤ በሁለት እጁ ጆሮዎቹን ይዞ፣ ዓይኑን አጨናብሶ፣ እስከ ጉሮሮው። አባቴ ባለጌ ልጅ አይወድም፤ የማንም ልጅ ቢሆን ጆሮውን ይዞ እናቱ ደጅ ሳያደርስ አይለቀውም። አባቴ አለፈው። ፊቱ ላይ ያለች አንዲት ጡንቻ እንኳ ሳትንቀሳቀስ፣ ምላሱን ባወጣው ልጅ አጠገብ፣ በክንድ ርቀት፣ አለፈው። ቢቂላ በእጁ አፉን ያዘ።

ከዚያ ቀን በኋላ ቤት ውስጥ ያላየሁትን ሁሉ አየሁ። ውኃ ሲቀዳ መጀመሪያ ብርጭቆውን በጣቱ ይነካል። ሲቀመጥ እናቴ ሁልጊዜ በቀኙ እንድትሆን ወንበሩን ያዞራል። ግራ ዓይኑ ቀልቶ የሰነበተ ጊዜ «ብናኝ ገብቶብኝ ነው» ብሎ ነበር፣ እናቴም በሻይ ውኃ አጥባለት ነገሩ ተረስቷል። ብናኝ አልነበረም፤ ከማሽኑ ተፈናጥሮ የወጣ መወርወሪያ ነው የመታው። ይህንን የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ከራሱ አፍ ነው። ዳይሱ ከዚያው መወርወሪያ የተሠራ እንደሆነ ስጠይቀው «መወርወሪያ ሁሉ አንድ ነው» ብሎ ዘጋኝ። አንድ ዓይና ሰው በረኛ አይሆንም፣ በረኛ ካልሆነ ማሽን ላይ አይቆይም፤ ስለዚህ ደበቀው። እናቴንም፣ የፋብሪካውን ሐኪምም፣ አሠልጣኙንም አታለለ። ሦስት ልጆችንና አንድ የቆርቆሮ በር ግን ማታለል አልቻለም።

ሐዲዱ ላይ ወስጄ አስማልኳቸው። «እናቴ ትሙት» አለ ቢቂላ፣ እንባው እየመጣ። «እናቴ ትሙት» አለ ሙሌ፣ ፈጠን ብሎ። መሐላው ካለቀ በኋላ ሙሌ ከኪሱ ወረቀት አወጣና የአባቴን አዲስ ቁጥር አሳየኝ። ቀኝ፦ አራት። ግራ፦ ባዶ። አንድ እንኳ የለም። ለመንኩት። አንዲት ቁጥር፣ ለስሙ ያህል፣ አንዲት ብቻ። «ስንቴ፣ ሕግ ሕግ ነው» አለኝ። «አያይማ!»

ከዚያ በኋላ ሙሌ እኔ ላይ በሌላ በኩል ወርውሮ አያውቅም። «በግራ» ይላል፣ አምስት ወይም ስድስት ይወጣለታል፣ አባቴ የሚወረውረው ነገር የለውም፣ ጎል። ይነሣና ሁለት እጁን ዘርግቶ «ጎ-ኦ-ል!» ብሎ ይጮኻል፣ ውሾች እስኪጮሁ። ቢቂላ ደግሞ አዝኖልኝ ሁልጊዜ በቀኝ ይወረውራል። ማን እንዳናደደኝ ታውቃላችሁ? ቢቂላ! ሙሌን ጠላሁት፤ ቢቂላን ግን ማየት አቃተኝ። ያ ደግነቱ «አባትሽ አልቆለታል» ብሎ በየቀኑ የሚነግረኝ ይመስለኝ ነበር።

የፋብሪካዎቹ ዋንጫ ፍጻሜ የደረሰው በዚህ መሐል ነው። የአባቴ ቡድንና ብረታ ብረቱ ተገናኙ። ሜዳው ዙሪያ ሰው ጢም ብሏል፣ የሁለቱም ፋብሪካ አለቆች ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እናቴ እንኳ፣ ኳስ አይታ የማታውቀው፣ ነጠላዋን አጣፍታ መጥታ ነበር። ጨዋታው ተጀመረና የሙሌ ወንድም ግርማ ኳስ አገኘ። ቀኙ ክፍት ነበር፣ ሕፃን እንኳ ወደዚያ ይመታታል። ግርማ ቆም አለ፣ ቀና ብሎ አየ፣ ወደ አባቴ ግራ አንከባለላት። አልመታትም እኮ፣ አንከባለላት! አባቴ ወደ ቀኝ እያየ ገባችበት።

ሁለተኛውም በግራ ገባ። ያኔ ዞሬ ሙሌን አየሁት። ወንድሙ ሁለት ጎል አግብቶ እሱ አይጨፍርም። የሹራቡን አንገት እያኘከ፣ ዓይኑ እንደዚያ ቀን እያበራ፣ ዝም ብሎ ያያል። ነግሮታል። ለምን እንደነገረውም እዚያው ገባኝ፤ ለዋንጫው አይደለም፣ ለወንድሙም ብሎ አይደለም። ሜዳ ላይ የሆነው ቆርቆሮው ላይ ሲሆን ኖሯል፤ አሁን ቆርቆሮው ላይ የሆነው ሜዳ ላይ ይሆን እንደሆነ ማየት ፈልጎ ነው። እጁን ይዤ አውራ ጣቱ ሥር ነከስኩት። ደሙ አፌ ውስጥ እስኪገባ አልለቀቅኩትም።

ቢቂላ ግን አልተናከሰም። ቢቂላ ደግ ነዋ! ተነሥቶ ሮጠና ከአባቴ ጎል ጀርባ ቆሞ «ጋሼ ወርቁ፣ በግራዎት! በግራዎት መጣ!» ብሎ መጮህ ጀመረ። አባቴ ድምፁን ሰምቶ ወደ ግራ ተወረወረ፣ ያዛት። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ኳስ ሲያዝ አላየሁም፤ መሬት ላይ ተንከባልሎ ደረቱ ላይ አቅፏት ተነሣ። ቢቂላ ዘለለ። ቀጥሎ እንደገና ጮኸ። አባቴ እንደገና ዞረ። ሰው መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ አንዱ «ለምንድነው ልጁ የሚነግረው?» አለ፤ ከዚያ ያ ሁሉ ሰው፣ ጎረቤቱ፣ የሥራ ባልደረባው፣ ማታ ማታ አብሮት ካርታ የሚጫወተው ሳይቀር፣ እየተቀባበለ «ወርቁ በግራ! ወርቁ በግራ!» ይለው ጀመር። ኳሱ በቀኝ ሲሆንም «በግራ!» ይሉታል፣ ይዞራል፣ ይስቃሉ። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። አለቆቹ ወንበራቸው ላይ ተጠጋግተው ተንሾካሾኩ።

ሰኞ ክሊኒክ ላኩት። ቀኝ ዓይኑን በካርቶን ሸፍነው ስንት ጣት እንደሆነ ጠየቁት። ከቡድኑ አስወጡት፤ ከሥራ ግን አላባረሩትም፤ ቢያባርሩት ይሻል ነበር። ከማሽኑ አውርደው መጥረጊያ አስያዙት፣ እዚያው ሽመና ክፍል፣ ትናንት አብረውት ሲሸምኑ ከነበሩት ሰዎች እግር ሥር ብናኝ እንዲጠርግ። ደመወዙ ሲያንስ እናቴ ጉሊት ወጣች። የጠላን ልጅ ጎል አስቆጠረበት፣ የወደደን ልጅ እንጀራውን ቀማው። ይህንን ስናገር ሰዎች መራራ ነሽ ይሉኛል። መራራ ነኝ፤ ታዲያ ምን ልሁን?

በዚያው ሳምንት፣ እኛ ቆርቆሮውን ከበን ሳንጫወት ተቀምጠን ሳለ፣ አባቴ መጣ። ወሬው ደርሶታል፤ ግርማ ጠጅ ቤት ተቀምጦ «ታናሽ ወንድሜ ነው የነገረኝ» እያለ ሲፎክር የሰማ ሰው ነግሮታል። ሙሌ ሊሮጥ ተነሣና መልሶ ተቀመጠ። እውነት ለመናገር ቀበቶውን እንዲያወጣ እየጸለይኩ ነበር። አባቴ ብሎኬት ስቦ ተቀመጠ። «የእኔን አሳዩኝ» አለ።

ቆርኪውን አገለበጥኩለት። ወረቀቷን ወደ ቀኝ ዓይኑ አስጠግቶ አነበበ። «ይህን ማን ጻፈው?» ሙሌ «እኔ» አለ፣ ድምፁ እንደ ትንኝ ቀጥኖ። «ለግርማስ ለምን ነገርከው?» ሙሌ ዋሽቶ ማምለጥ ይችል ነበር። «ልክ መሆኑን ላይ ብዬ» አለ። አባቴ ወረቀቷን መለሰልኝና «ልክ ነው» አለ፣ «አልተሳሳትክም። አንተ ልጅ፣ ሐኪሙ እንኳ ያላወቀውን ነው ያወቅከው።» ተነሥቶ አቧራውን አራገፈ። «ከቡድን የወጣ ሰው ምን ይደረጋል፣ በሕጋችሁ?» ቢቂላ እያለቀሰ «ሐዲድ» አለ። «ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?» አለ አባቴና ሄደ።

እኔው ነኝ ያስተኛሁት። ሣሩ ውስጥ በደረቴ ተኝቼ ባቡሩ ሲመጣ ዓይኔን አልጨፈንኩም። እንደ ሌላው ጊዜ ማንም አልጮኸም። ሳነሳው ይፋጅ ነበር፤ ስሙም ቁጥሩም ተቃጥሎ ጠፍቷል፣ ቀኝም ግራም የለውም። ከዚያ በኋላ ሦስታችን አንድ ላይ ተጫውተን አናውቅም።

ዛሬ ሐዲዱ ሣር ውጦታል፣ የገበሬዎቹ ቤቶች የነበሩበት ኮንዶሚኒየም ቆሟል፣ ፈረቃ የሚቆጥር ጡሩምባ የለም፤ ባጃጅ ነው ቀኑን ሙሉ የሚጮኸው። ቢቂላ ቱሉ ዲምቱ ነው የሚኖረው። በዓል በመጣ ቁጥር ይደውላል፣ «አባባ ደህና ናቸው?» ይላል፣ ደጃችንን ግን ረግጦ አያውቅም። ደግ ሰው ነዋ፣ ያፍራል። ሙሌ ግን ይመጣል። ወፍሯል፣ ተመልጧል፣ አቃቂ በሰቃ ጎሚስታ አለው። የአባቴ ሁለተኛ ዓይን የጠፋ ጊዜ አንድ እሑድ በር አንኳኳና ያንን የእንጨት ዳይስ ከኪሱ አወጣ። ስንት ዓመት የት እንዳስቀመጠው እግዜር ይወቅ። ፊቱ ላይ በሩን ልዘጋበት ነበር፤ አባቴ ከውስጥ «ማነው?» አለ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ይጫወታሉ። ሻይ አቀርብለታለሁ። ይቅር ግን አላልኩትም፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

የሚጫወቱት በረንዳው ላይ ባለችው ፕላስቲክ ጠረጴዛ ነው። ሙሌ ይወረውራል፣ የወጣውን ቁጥር ይናገራል፤ ለአባቴም ወርውሮ ይነግረዋል። አባቴ ያሸንፋል። እሑድ በመጣ ቁጥር ያሸንፋል። ዓይን ያለኝ እኔ ነኝና ለምን እንደሚያሸንፍ አውቃለሁ፤ ሙሌ ስድስት ወጥቶለት «ሁለት፣ ወደ ውጭ» ይላል። ዝም አልኩ። ንስሐው ይሆናል፣ ይክፈል ብዬ ዝም አልኩ።

ባለፈው እሑድ ሜላት ስልኳን ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች። እሷም ስልኳ ላይ ኳስ ትጫወታለች። ስትሸነፍ አንዴ ትነካውና እንደ አዲስ ይጀምርላታል፤ በረኛዋ አይታወርም፣ አይባረርም፣ የማንም አባት አይደለም። በልቤ «ታድለሽ» አልኳት፣ ወዲያው ደግሞ አሳዘነችኝ። የእኛ ጨዋታ ጨካኝ ነበር፤ ግን አንድ ጊዜ የወጣ ቁጥር የወጣ ነበር። ሜላት የተጨፈለቀችውን ቆርኪ ከመሳቢያው አምጥታ የአያቷ ጎል ላይ በረኛ ሆና እንድትቆም አስቀመጠቻት። አባቴ በጣቱ ዳሰሳት።

ሙሌ «በግራ» አለና ወረወረ። ያ አውራ ጣቱ ሥር የጥርሴ ምልክት ያለበት እጁ ነው። ዳይሱ ተንከባለለና ቆመ። ስድስት። ሜላት አየችው፣ እኔም አየሁት። ሙሌ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሁለት ነው ጋሼ፣ ወጣች።»

የአባቴ እጅ ተዘርግቶ ዳይሱ ላይ አረፈ። በእነዚህ ሁሉ እሑዶች አንድ ቀን እንኳ ነክቶት አያውቅም ነበር። በሌባ ጣቱ ጉድጓዶቹን ቀስ ብሎ አንድ በአንድ ዳሰሳቸው፤ ራሱ የተኮሳቸው ናቸው። «ሙሉጌታ» አለው፣ «ደስ ይበልህ ብዬ ብዙ እሑድ ዝም አልኩህ። ዛሬ ግን ልጅቷ እያየች ነው። ያኔ ያልማርከኝን ዛሬ ልትምረኝ ነው?»

ያ ትልቅ ሰውዬ እንደ ልጅ አቀረቀረ። «ስድስት ነው፣ ጋሼ» አለ። «በየት በኩል?» «በግራዎት።» «ታዲያ ጎል ሲገባ ዝም ይባላል እንዴ? ጩኽ!» ሙሌ እኔን አየኝ። እንዴት እንዳየኝ አልነግራችሁም። «ጩኽ ተብለሃል» አልኩት። ተነሣ፣ ወንበሩ ወደቀ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጮኸ፤ እንባው በጉንጩ እየወረደ፣ የሰፈሩ ውሾች በሙሉ እስኪጮሁ ድረስ ጮኸ። አባቴ ሳቀ። ከዚያ ፍጻሜ ቀን ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ዳይሱን አንሥቶ መልሶ ሙሌ መዳፍ ውስጥ አስቀመጠለትና የተጨፈለቀችውን ቆርኪ ወደ ቦታዋ አስተካከለ።

«ቀጥል» አለው። «አሁንም በግራ።»